ቅነሳና መላመድ፦ ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ትብብር ለምን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል?



ርእሴ የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታትና ለመቋቋም የሚደረገው ዓለም አቀፍ ትብብር ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ ሁሉንም ለመዳሰስ አልሞክርም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ እነሣለሁ። ለአየር ንብረት ከሚመደበው ዓለም አቀፍ ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ጋዝ ለመቀነስ ሲውል፣ ድርቅና ጎርፍ ለሚደጋገምባቸው ሕዝቦች መቋቋሚያ የሚደርሰው ስለ ምን ያን ያህል ያንሳል? መልሱ የለጋሾች ልብ መጨከን ብቻ አይደለም። በራሱ በነገሩ ባሕርይ ውስጥ ያለ ምክንያት አለ። ምክንያቱን ከለየን ደግሞ በድርድር መድረክ ላይ ምን ብለን መከራከር እንደሚገባን ይገለጥልናል። ከእናንተ መካከል ነገ በዚያ መድረክ የሚቀመጡ ስለሚኖሩ፣ ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ሁለት ሥራ፣ ሁለት ባሕርይ

ቅነሳ የምንለው የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት ማሳነስና በደንና በአፈር አምቆ ማስቀረት ነው። በድንጋይ ከሰል የሚሠራን የኃይል ማመንጫ በነፋስ ወይም በፀሐይ ኃይል መተካት የቅነሳ ሥራ ነው። ደንን ከጭፍጨፋ መጠበቅም እንዲሁ ነው። መላመድ የምንለው ደግሞ የመጣውንና የማይቀረውን ለውጥ ተቋቁሞ ለመኖር የሚደረግ ዝግጅት ነው። ድርቅ የሚቋቋም ዘር ማውጣት፣ እርከን መሥራት፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት መዘርጋት፣ የከተማን የጎርፍ መውረጃ ማስፋት ከዚህ ይመደባሉ።

ሁለቱ ሥራዎች በሰነዶች ላይ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ባሕርያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድንበር አያውቅም። አንድ ቶን ጋዝ ከሻንጋይ ቢወጣ፣ ከቴክሳስ ቢወጣ፣ ከሐዋሳ ቢወጣ በከባቢ አየር ላይ የሚያደርሰው ጫና አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቶን የትም ተቀነሰ የት ጥቅሙ ለዓለም ሁሉ ይዳረሳል። ይህ ባሕርይ አንድ ፈተናና አንድ መልካም ነገር ይዞ ይመጣል። ፈተናው ሁሉም አገር «ሌላው ይቀንስ፤ እኔ ጥቅሙን ልካፈል» ለማለት መገፋፋቱ ነው። በወል ግጦሽ ላይ ከብቱን የሚያበዛ ገበሬም የሚያስበው ይህንኑ ነው። መልካሙ ነገር ደግሞ የከፈለ ሰው ከጥቅሙ የሚደርሰው መሆኑ ነው። ኖርዌይ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚካሄድ የደን ጥበቃ ገንዘብ ስትሰጥ፣ ከውጤቱ አንድ ቅንጣት ለኦስሎ ግብር ከፋይም ይደርሰዋል። በዚያም ላይ ውጤቱ በቶን ይቆጠራል፤ ለምክር ቤት ሪፖርት ይደረጋል፤ እንደ ሸቀጥም ይሸጣል፣ ይለወጣል።

መላመድ እንዲህ አይደለም። በኮንሶ ኮረብታ ላይ የተሠራ እርከን የኮንሶን አፈር ይይዛል፤ ለኦስሎ ነዋሪ የሚያደርስለት ነገር የለም። የሚሰፈርበት አንድ ወጥ መለኪያም የለውም። ያልሞተ ከብት፣ ያልፈረሰ ቤት፣ ከቀዬው ያልተፈናቀለ ቤተሰብ በምን ይቆጠራል? ሊደርስ ሲገባው ሳይደርስ የቀረ ጉዳት ፎቶግራፍ አይነሣም።

ከዚህ ተነሥቼ የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ወደሆነው ነጥብ እደርሳለሁ። ቅነሳን በገንዘብ የሚደግፍ አገር ቢያንስ በከፊል የራሱን ጥቅም ያሰላል። የሌላውን አገር መላመድ የሚደግፍ ግን በዋነኛነት የሚያነሣሣው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ርኅራኄ፣ ወይ ዕዳ። ርኅራኄ የመንግሥት ለውጥና የበጀት ጥበት ሲመጣ ይቀዘቅዛል። ዕዳ ግን ተጽፎ ይቀመጣል፤ ይጠየቃልም። ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ድርድር በአብዛኛው መላመድ ከሁለቱ በየትኛው መዝገብ ይጻፍ የሚል ክርክር ነው ብል ከእውነት አልርቅም።

ከሪዮ እስከ ፓሪስ

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት በ1992 ጸድቆ በ1994 ሥራ ላይ ዋለ። የመሠረት ድንጋዩ «የጋራ ሆኖም የተለያየ ኃላፊነት» የሚለው መርሕ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። መርሑ ይህን ተቀብሎ አንድ ጥያቄ ይጨምርበታል፦ ከሎሚዎቹ አብዛኞቹን ከዛፉ ያወረደው ማን ነው? ጋዙ በከባቢ አየር ውስጥ ለዘመናት የሚቆይ ነውና፣ ዛሬ የሚሰማን ሙቀት የዛሬ ልቀት ብቻ ውጤት አይደለም፤ ከኢንዱስትሪ አብዮት ጀምሮ የተጠራቀመ ነው።

ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የዚህን ስምምነት አንቀጽ 4 ንኡስ አንቀጽ 4 ነው። ያደጉት አገሮች በተለይ ለጉዳት የተጋለጡ ታዳጊ አገሮችን የመላመድ ወጪ በመሸፈን እንዲያግዙ ይደነግጋል። ድንጋጌው የግዴታ ቃል የያዘ ነው። እንግዲህ ዕዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፏል። ያልተጻፈው መጠኑና የሚከፈልበት ቀን ነው።

በ1997 የተፈረመውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኪዮቶ ፕሮቶኮል ለቅነሳ ቁጥር አበጀለት፤ የበለጸጉት አገሮች ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ልቀታቸውን ከ1990 መጠን በአማካይ 5 በመቶ ዝቅ እንዲያደርጉ አስገደደ። አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችውም፤ ካናዳም በ2011 መውጣቷን አስታወቀች። ግዴታው ጠንካራ ቢሆንም ከግዴታው መውጣት የሚያስከትለው ጉዳት አነስተኛ ነበር።

እዚህ ላይ የሞንትሪያል ፕሮቶኮልን ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1987 የተፈረመው ይህ ስምምነት የኦዞን ሽፋንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ለማስወገድ የታለመ ሲሆን፣ የዓለም አገሮች ሁሉ አጽድቀውታል፤ ተሳክቷልም። የተሳካበት ምክንያት አገሮቹ ያን ጊዜ የበለጠ ደግ ስለነበሩ አይደለም። አምራቾቹ ጥቂት ነበሩ፤ ምትክ ኬሚካል ተገኝቷል፤ አባል ካልሆኑ አገሮች ጋር በነዚህ ኬሚካሎች መነገድ ተከልክሏል፤ ከ1990 ወዲህም የታዳጊ አገሮችን ወጪ የሚሸፍን ራሱን የቻለ ፈንድ ተቋቁሟል። ከሰልና ነዳጅ ግን በጥቂት ፋብሪካዎች የሚመረቱ ኬሚካሎች አይደሉም፤ የመላው ኢኮኖሚ ደም ሥር ናቸው።

የ2015 የፓሪስ ስምምነት ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጠ። የቅነሳውን መጠን ከላይ ከመጫን ይልቅ እያንዳንዱ አገር አስተዋጽኦውን ራሱ እንዲወስን፣ በየአምስት ዓመቱም እንዲያሻሽል አደረገ። በመጨረሻው ሰዓት የተፈጠረው ነገር ለሕግ ተማሪዎች ትምህርት ይሆናል። በረቂቁ ላይ ያደጉት አገሮች የልቀት ቅነሳ ግብ «መያዝ አለባቸው» የሚል ቃል ገብቶ ነበር። አሜሪካ ይህን እንደማትቀበል ስላስታወቀች፣ ቃሉ «ይገባቸዋል» ወደሚል ተለወጠና እንደ ጽሑፍ እርማት ተነበበ። በአንድ ግሥ ላይ የመላው ስምምነት ዕጣ ተንጠልጥሎ ነበር። በቅነሳና በመላመድ ገንዘብ መካከል ሚዛን እንዲኖር የሚጠይቀው አንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 4ም የተጻፈው በዚያው በለዘበው ግሥ ነው።

ሁምቦ፦ አንድ ኮረብታ፣ ሁለት ጥቅም

ይህን ሁሉ በአንድ የአገራችን ምሳሌ ላሳይ። በወላይታ ሁምቦ የተራቆተ ተራራማ መሬት ነበር። በዎርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ 2,728 ሔክታር የሚሆን መሬት ተከልሎ፣ ሕዝቡ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ደኑን መልሶ አለማ። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ ከመሬት በታች በሕይወት የቆዩ ጉቶዎች የሚያወጡትን ቡቃያ መርጦ መግረዝና መጠበቅ ነበር። ፕሮጀክቱ በ2009 በኪዮቶ ፕሮቶኮል የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም ደኑ ካመቀው ካርቦን ከፊሉን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ገቢውም ወደ ማኅበራቱ ሄደ።

ይህ የሚያስመሰግን ትብብር ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የተከፈለው ለምን እንደ ሆነ አስተውሉ። የተከፈለው ለካርቦኑ ነው። ለገበሬው ግን የደኑ ጥቅም በቶን የሚገለጽ አልነበረም። ለእርሱ ጥቅሙ ዝናብ ሲበረታ ከተራራው ወርዶ ማሳውን የሚያጥበው ደለል መቀነሱ፣ ለከብቱ የሚታጨድ ሣር ማግኘቱ፣ ለማገዶ የሚሆን ጭራሮ መኖሩ ነው። እነዚህ የመላመድ ውጤቶች ናቸው። ያው ኮረብታ ሁለቱንም ጥቅም ሰጠ፤ ዓለም አቀፉ መዝገብ ግን መቁጠር የቻለው አንዱን ብቻ ነው። የመላመዱ ጥቅም የካርቦኑ ምርቃት ሆኖ ቀረ። ካርቦን በብዛት የማይከማችባቸው፣ ድርቅ ግን የሚጸናባቸው ቆላማ የአርብቶ አደር አካባቢዎች በዚህ አሠራር ምን ያህል እንደሚጠቀሙ መገመት አያዳግትም።

የገንዘቡ ነገር

በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ የበለጸጉት አገሮች እስከ 2020 ድረስ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። በዚያ ጉባኤ የአፍሪካ ቃል አቀባይ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲሆኑ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከኖርዌዩ ጠቅላይ ሚኒስትር የንስ ስቶልተንበርግ ጋር የገንዘቡን ምንጭ የሚያጠናውን የተባበሩት መንግሥታት ከፍተኛ አማካሪ ቡድን በጋራ መርተዋል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኛ ከሩቅ የምንሰማው ወሬ ሆኖ አያውቅም።

ቃሉ የተፈጸመው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባወጣው ስሌት መሠረት በ2022 የተሰባሰበው ገንዘብ 115.9 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ከዚህ ውስጥ 69.9 ቢሊዮኑ ለቅነሳ፣ 32.4 ቢሊዮኑ ለመላመድ የዋለ ሲሆን፣ የቀረው ሁለቱን ያጣመረ ነው። ከመንግሥታት ምንጭ ከመጣው ገንዘብ 69 በመቶ ገደማ ብድር ነበር። ቅነሳን በብድር መሥራት ስሜት ሊሰጥ ይችላል፤ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ኤሌክትሪክ ሸጦ ብድሩን ይከፍላል። እርከን ግን ምን ሸጦ ይከፍላል? ባልፈጠረው ችግር የተጎዳ አገር ጉዳቱን ለመቋቋም ሲበደር፣ ዕዳው የማን እንደነበረ ተገልብጦ ይጻፋል ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2023 ባወጣው ሪፖርት የታዳጊ አገሮች የመላመድ ፍላጎት በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ በዓመት ከ215 እስከ 387 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቷል። ከላይ የጠቀስኩት 32.4 ቢሊዮን ከዝቅተኛው ግምት አንድ ስድስተኛውን እንኳ አይሞላም። በ2024 በባኩ ጉባኤ አዲስ ግብ ተቀምጧል፤ እስከ 2035 በዓመት ቢያንስ 300 ቢሊዮን ዶላር። ሆኖም ከዚህ ውስጥ ለመላመድ የሚውለው ስንት እንደ ሆነ በቁጥር አልተወሰነም።

ከመላመድ ወሰን ባሻገር

መላመድ ወሰን አለው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በቦረናና በሶማሌ ክልል ከብቶች አለቁ፤ ከብት ያለቀበት አርብቶ አደር ደግሞ ያጣው ንብረት ብቻ አይደለም፤ የኑሮ መሠረቱን፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለውን ቦታም ጭምር ነው። ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን በ2023 ባወጣው ጥናት የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለ የእርሻ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ወደ 100 እጥፍ ገደማ ከፍ እንዳደረገው አመልክቷል። ምክንያቱም ሙቀት ሲጨምር ካለው ዝናብም ላይ ብዙው በትነት ይጠፋል። የዚህ ዓይነት ጥናት ትርጉም ከሳይንስ ያልፋል። ትናንት «የተፈጥሮ አደጋ» ይባል የነበረው ጉዳት ዛሬ በከፊልም ቢሆን ባለቤት አግኝቷል።

የደሴት አገሮች ይህን የጉዳትና የኪሳራ ጥያቄ ያነሡት ገና በ1991 ነበር። በፓሪስ ጉባኤ ጥያቄው በአንቀጽ 8 ቦታ ሲያገኝ፣ አብሮት በወጣው ውሳኔ ግን አንቀጹ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሣ መሠረት እንደማይሆን ተገለጸ። ፈንዱ እንዲቋቋም የተወሰነው በ2022 በሻርም ኤል ሼክ፣ ሥራ እንዲጀምር የተደረገው በ2023 በዱባይ ነው፤ በዱባይ የተገባለት ቃል ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ መጠን ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ከባሕር በጭልፋ የመቅዳት ያህል ነው።

በዚህ መሐል በ2019 በቫኑዋቱ በሚገኘው የደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ሃያ ሰባት የሕግ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አመነጩ፤ የመንግሥታትን ግዴታ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ይንገረን አሉ። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳቡን ተቀበለ፤ በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ወደ ሄግ ላከው። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2025 በሙሉ ድምፅ በሰጠው የምክር አስተያየት መንግሥታት የአየር ንብረትን ሥርዓት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ግዴታውን መጣስም እንደ ሁኔታው ሙሉ ካሣ እስከ መክፈል የሚያደርስ ኃላፊነት ሊያስከትል እንደሚችል ገለጸ። አስተያየቱ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩን ከርኅራኄ መዝገብ ወደ ዕዳ መዝገብ ለማሸጋገር ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። የጀመሩትም በእናንተ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ናቸው።

ዕድር እንጂ ምጽዋት አይደለም

በአገራችን ሰው ሲሞት ዕድር የሚመጣው በርኅራኄ ብቻ አይደለም። መዋጮው የታወቀ ነው፤ ስሙ በመዝገብ አለ፤ የቀረ ይቀጣል፤ ለሐዘንተኛው የሚሰጠውም ገንዘብ መብቱ ነው። ሐዘንተኛው አንገቱን ደፍቶ አይለምንም። ዓለም አቀፉ ትብብር በመላመድ ረገድ የሚጎድለው ይህ የዕድር ጠባይ ነው። እርግጥ ነው ንጽጽሩ ገደብ አለው። የዕድር አባላት ጎረቤታሞች ናቸው፤ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ከዕድሩ የወጣም ነገ ቀባሪ ያጣል። መንግሥታት ግን እንዲህ አይተያዩም፤ አሜሪካም ከፓሪስ ስምምነት እንደምትወጣ ሁለት ጊዜ ያስታወቀችው ይህን ፍርሃት ሳይሰማት ነው። የፓሪስ ስምምነት አገሮች በየጊዜው የሥራቸውን ሪፖርት እንዲያቀርቡ ማስገደዱ መተያየትን ለመፍጠር ነው። የ1992ቱ የአገሮች አመዳደብም ሊፈተሽ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ከታዳጊዎቹ ተርታ የተሰለፈችው ቻይና ዛሬ በዓመታዊ ልቀት ከዓለም ቀዳሚ ናት።

የእኛም ድርሻ አለ። ኢትዮጵያ በ2021 ባቀረበችው የተሻሻለ ሰነድ እስከ 2030 ልቀቷን በተለመደው አካሄድ ሊደርስ ከሚችለው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ አቅዳለች። ከዚህ 14 በመቶው በራሷ አቅም የሚሠራ ሲሆን፣ 54.8 በመቶው በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዓለም ልቀት ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ድርሻ ላለው አገር ይህ ደፋር ዕቅድ ነው። በመላመድ ረገድም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የመንግሥትንና የለጋሾችን ገንዘብ አቀናጅቶ በምግብ ራሳቸውን ያልቻሉ ቤተሰቦችን ሲደግፍ፣ ተጠቃሚዎቹ እርከን ሠርተዋል፤ ተፋሰስ አልምተዋል። ይህ ስሙ ሳይጠራ የተሠራ የመላመድ ሥራ ነው። ነገር ግን ያዳነውን አፈር፣ ያስቀረውን መፈናቀል በሚያሳምን መረጃ ካላስመዘገብነው በድርድር ላይ ክብደት አይኖረውም። ዕዳ የሚጠይቅ ሰው መዝገብ ሊኖረው ግድ ነው።

ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የሚጠበቀው ግልጽ ነው። የሜትሮሎጂ ተማሪ የጣቢያዎቻችንን መረጃ ክፍተት ይሙላ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ያልደረሰ ጉዳት የሚተመንበትን ስልት ያጥና፤ የሕግ ተማሪ በ«አለባቸው»ና በ«ይገባቸዋል» መካከል ያለውን ርቀት ይለካ። በ2027 ሠላሳ ሁለተኛው የአባል አገሮች ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። አስተናጋጅ አገር አዳራሽና መስተንግዶ ማዘጋጀቱ አይቀርም፤ ከዚያ በላይ የሚታወሰው ግን በአጀንዳው ላይ ያሰፈረው ሐሳብ ነው። እስከዚያ ያለው ጊዜ አንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት ለመጨረስ የሚበቃ ነው። ርእስ ያልመረጣችሁ ካላችሁ፣ ቢሮዬ ክፍት ነው።